ጠፍጣፋዋ ምድር በሐይቅ ዳርቻ፦ አንድ የወሎ የፎቶግራፍ ሥራ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚያተኩረው በደሴ ከተማ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚሠራ አንድ ወጣት ባለሙያ «ምድር ጠፍጣፋ ናት» የሚለውን እምነትና ከእርሱ ጋር ተያይዘው የሚነገሩትን የሴራ ትርክቶች ርዕሰ ጉዳይ አድርጎ ባዘጋጃቸው ፎቶግራፎች፣ ሥራው ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ በደረሰበት እክልና ከዚያ በኋላ በተደረገለት ማስተካከያ ላይ ነው። ባለሙያው የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ከሠርግ፣ ከምርቃትና ከጉርድ ፎቶ ነው። ይህን ሥራ የጀመረው ማንም ሳያዝዘው፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ደንበኞቹ በስልካቸው ስላዩት ነገር ሲከራከሩ ደጋግሞ ከሰማ በኋላ ነው። የክርክሩ መቋጫ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ አንዱ ወገን ፎቶ ያሳያል፣ ሌላው ወገን «ፎቶ ይቀነባበራል» ይላል። ፎቶግራፍ ለሙያው ላደረገ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያንገበግብ ጥያቄ የለም።

እኔ ጉዳዩን ከቅርብ የተከታተልሁት ከፎቶዎቹ ጋር የሚቀርቡትን ስሌቶች እንድመለከትለት ባለሙያው ስለጠየቀኝ ነው። የእርሱንም ሆነ የተነሺዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል። ከጉዳዩ የተረዳሁትና እዚህ ላስረዳ የምፈልገው ዋናው ነገር ፎቶግራፍ ማስረጃ የሚሆነው ከምን ከፍታ፣ በየትኛው ሌንስ፣ በስንት ሰዓትና በማን እጅ እንደተነሳ የሚናገረው መረጃ አብሮት እስከተጓዘ ድረስ ብቻ መሆኑን ነው። ይህ መረጃ ከተለየው ምስሉ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ለፈለገው ሁሉ ያገለግላል።

እምነቱ ወደ ወሎ የመጣበት መንገድ

በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዘዋወሩት አጫጭር ቪዲዮዎች በአብዛኛው ሌላ አገር ተሠርተው በአማርኛ ድምፅ የተጫነባቸው ናቸው። ጨረቃ ላይ የወረደ ሰው የለም፣ አንታርክቲካ ምድርን ዙሪያዋን የከበበ የበረዶ ግንብ ነው፣ የጠፈር ፎቶዎች ሁሉ በኮምፒዩተር የተሠሩ ናቸው ይላሉ። የመጨረሻው ክስ ሙሉ በሙሉ ከባዶ የተነሣ አለመሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1972 ከአፖሎ 17 የተነሳው፣ አፍሪካንና የዐረብ ልሳነ ምድርን ከሞላ ጎደል ሙሉ ለሙሉ የሚያሳየው ዝነኛ ፎቶ በሃሰልብላድ ካሜራና በ80 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፊልም ላይ በአንድ ቅጽበት የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ናሳ ያወጣው፣ በብዙ ስልኮች ላይም የገባው ሌላው የምድር ምስል ግን በሳተላይት በየዕለቱ የተነሱ ብዙ ቅንጥብጣቢ ምስሎች ተገጣጥመው የተሠራ መሆኑን ሠሪዎቹ ራሳቸው በይፋ ተናግረዋል። ሴራ አውጪዎቹ ሁለተኛውን ይዘው የመጀመሪያውን ይከስሳሉ።

ትርክቱ ወሎ ሲደርስ ደግሞ የወሎን ሰው በሚያውቀው በኩል ይገባል። ለሙስሊሙ ምድር ስለመዘርጋቷ የሚናገሩት የቁርኣን አንቀጾች ይጠቀሱለታል፤ ለክርስቲያኑ ሙሉው ቅጂ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በተለይም ፀሐይ የምትወጣባቸውንና የምትገባባቸውን ስድስት ስድስት ደጆች የሚዘረዝሩት ከ72 እስከ 82 ያሉት ምዕራፎች ይነበቡለታል። ሁለቱም አጠቃቀሞች ለመጻሕፍቱ አክብሮት የጎደላቸው ይመስሉኛል። ከሙስሊም ሊቃውንት ኢብን ሐዝምና ኢብን ተይሚያ ምድር ክብ መሆኗን ያለ ማቅማማት ጽፈዋል፤ አል ቢሩኒም ከተራራ ላይ የአድማስን ዝቅታ ለክቶ ስፋቷን አስልቷል። የሄኖክ ደጆችም ፀሐይ በዓመት ውስጥ በአድማስ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የምትመላለስባቸውን የመውጫ ሥፍራዎች የሚያስተውል ሰው ሊጽፈው የሚችል ዝርዝር ናቸው። ባለሙያው ይህን ለማሳየት ከአንድ የደሴ ቤት ሰገነት ላይ፣ ካሜራውን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እየተከለ፣ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ የፀሐይን መውጫ እያነሳ በአንድ ወረቀት ላይ አሰባስቧል። በደሴ ኬክሮስ ሁለቱ ዳርቻዎች የሚራራቁት ወደ 48 ዲግሪ ነው። አንድ ዲያቆን ፎቶውን አይቶ ደጆቹን በጣቱ እየቆጠረ ከመጽሐፉ ጋር ሲያስተያይ ቆይቷል፤ ከሥራዎቹ ሁሉ ያለ ክርክር በሁሉም ዘንድ የተወደደው ይህ ነው።

ከሃይማኖቱ ይልቅ ሥር የሰደደው ምክንያት ግን አመኔታ ማጣት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰበት ወቅት የወሎ ሰው የሰማውና ያየው አልገጥም ብሎት፣ በየቦታውም ስልክ ተቋርጦ፣ ዘመድ ከዘመድ በወሬ ብቻ ሲፈላለግ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ «ትልልቆቹ ይዋሹናል» የሚል ሰው ሲገጥመው ብዙው ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ስለ ጠፈር አንዳች ነገር ስለሚያውቅ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሰው ስለ ጠፍጣፋዋ ምድር ከማንም ጋር ባይከራከር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከሐይቅ በፊት የነበረው ቦይ

ባለሙያው ሥራውን ያነጸው በአንድ የቆየ ታሪክ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ኦልድ ቤድፎርድ የሚባለው ቦይ ወደ 9.7 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1838 ሳሙኤል ሮውቦተም የተባለ ሰው ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ ከውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ባለ የሩቅ ማያ መነጽር አንዲትን ጀልባ ስትርቅ ተከታተለና ሳትሰወር ከዐይኑ እንዳልጠፋች ተናገረ፤ ከዚያም ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ማስተማር ያዘ። በ1870 የእርሱ ተከታይ ጆን ሃምፕደን የምድርን ክብነት ለሚያሳየው 500 ፓውንድ አስይዞ ሲወራረድ ውርርዱን የተቀበለው በተፈጥሮ ተመራማሪነቱ የሚታወቀውና ቀድሞ የመሬት ቀያሽ የነበረው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ነው። ዋላስ የዕይታ መስመሩን ከውሃው ወደ 4 ሜትር ገደማ ከፍ አደረገው፤ ከውሃ ገጽ አጠገብ ያለው አየር ብርሃንን እንደሚያጎብጥ በቅየሳ ሥራው ያውቅ ነበርና። በመካከል ያቆመው ምልክት ከሁለቱ ጫፎች ከፍ ብሎ ታየ፣ ዳኛውም ፈረደለት። ሃምፕደን ግን አልተቀበለም፤ ዋላስን ለዓመታት በደብዳቤ ሲሳደብና ሲያስፈራራ ኖሮ እስከ መታሰር ደረሰ።

ለፎቶግራፍ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1904 የጠፍጣፋ ምድር አማኟ ሌዲ ብላውንት ኤድጋር ክሊፍተን የተባለ ባለሙያ ፎቶ አንሺ ቀጥራ፣ በቦዩ ማዶ ጫፉ ውሃውን ሊነካ የደረሰ ትልቅ ነጭ ጨርቅ አሰቀለች። ክሊፍተን ካሜራውን ከውሃው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ አድርጎ በሩቅ አቅራቢ ሌንስ አነሳው፤ በስሌት መሸፈን የነበረበት ጨርቅ ከነታችኛው ጫፉ ፎቶው ላይ ታየ። ፎቶው አልተቀነባበረም፤ ክሊፍተንም አልዋሸም። ያየውን አነሳ። ሴትዮዋም ፎቶውን ይዛ ምድር ጠፍጣፋ መሆኗ ተረጋገጠ አለች።

ነጩ አቡጀዲ

ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው፣ ስሙም ሐይቅ የተባለው ሐይቅ 6.7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ስፋት ስላለው ለዚህ ዓይነት ሙከራ የተመቸ ነው። ባለሙያው ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ነጭ አቡጀዲ አስፍቶ፣ የታችኛውን አንድ ሜትር በቀይ ጨርቅ አስለብጦ፣ ከወዲያ ማዶ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል አስወጠረው። የጨርቁ ታችኛው ጠርዝ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ካሜራውን ከወዲህ ማዶ ጭቃው ውስጥ በቆመ ስታንድ ላይ አድርጎ፣ ከሌንሱ መካከል እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቶ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ አሰረው። ሌንሱ በኪራይ የተገኘ 600 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ሌንስ በ6 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ አንድ ሜትር ጨርቅ በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚይዘው ቦታ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ብቻ ስለሆነ፣ ነፋስ ካለ ወይም ስታንዱ ትንሽ ከተነቃነቀ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከውሃው 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ካሜራ የውሃውን ገጽ የሚያየው እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ከዕይታ በታች እየወረደ ስለሚሄድ፣ በ6 ኪሎ ሜትር ላይ የቆመ ነገር የታችኛው 95 ሴንቲ ሜትር መሸፈን አለበት። አየር በተለመደው ሁኔታው ብርሃንን በጥቂቱ ወደ ታች ስለሚያጎብጥ የተሸፈነው ክፍል ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያንሳል። ካሜራው 3 ሜትር ከፍ ካለ ደግሞ ምንም የሚሸፈን ነገር አይኖርም። እንግዲህ በዳርቻው ቆሞ ማዶውን የሚመለከት ሰው በሙሉ ዐይኑ የሚያየው ጠፍጣፋ ሐይቅ ነው፤ ጉብጠቱ የሚገኘው ጎንበስ ብሎ ለሚለካው ብቻ ነው።

ባለሙያው ይህንኑ ምስል ካሜራውን ሳያነቃንቅ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አነሳው። ከማለዳው 1 ሰዓት የተነሳው ላይ ሐይቁ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ የተነሣ ከአየሩ ይሞቅ ስለነበር ቀዩ ጨርቅ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ እንዲያውም የነጩ ክፍል ተገልብጦ ከሥሩ እንደ መስታወት ምስል ይታያል፤ አንዲት ታንኳም ከውሃው በላይ የተንሳፈፈች መስላለች። አመሻሽ ላይ የተነሳው ከስሌቱ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ የቀዩን የላይኛውን ጠርዝ በቀጭኑ ያሳያል። ከቀትር በኋላ የተነሳው ግን ቀዩን ጨርቅ ከሞላ ጎደል ሙሉውን አወጣው። በዚያ ሰዓት የሞቀ አየር በቀዝቃዛው ውሃ ላይ ተኝቶ ነበር፤ በሐይቁ ከፍታ ላይ የአየሩ ሙቀት ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየሜትሩ ከ0.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያነሰ ጭማሪ ቢያሳይ እንኳ ብርሃን የምድርን ጉብጠት ያህል ጎብጦ ሊጓዝ ይችላል። ክሊፍተን በ1904 ያነሳው ይህንኑ ነው። የቀትሩ ፎቶ ከሦስቱ በጣም ያማረው ነበር፤ ውሃው ረግቶ፣ ማዶው ሁሉ ቁልጭ ብሎ፣ ነጭና ቀዩ ጨርቅ መሐሉ ላይ ቆሟል።

ከዚህ ሌላ በጦሳ ተራራ ላይ በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አሉ፤ አድማሱ ከፍሬሙ መሐል በላይ ሲሆን ወደ ላይ፣ በታች ሲሆን ወደ ታች ጎብጧል። ሁለቱም ጉብጠት የሌንሱ ሥራ ነው፤ የምድርን ጉብጠት በዐይን ለመለየት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት ያስፈልጋልና። ባለሙያው ክብነትን ደግፎ የሚዋሽ ፎቶም እንዳለ ለማሳየት እነዚህን ማካተቱ ለሥራው ታማኝነት የጨመረለት ይመስለኛል።

ልብስ ሰፊው

አቡጀዲውን የሰፋው ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስልካቸውን የሲንጀር መኪናቸው ጠረጴዛ ላይ ደግፈው ቪዲዮ እያዩ ይሰፋሉ፤ ምድር ጠፍጣፋ መሆኗንም ያምናሉ። የጨርቁን ዓላማ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ዋጋም አልጨመሩም። ባለሙያው ሊያነሳቸው ሲጠይቅ «አብሽር፣ አንሳኝ፤ ግን ሞኝ አድርገህ እንዳታቆመኝ» አሉት። «አባባ፣ እንዳሉ ነው የማነሳዎት» አላቸው። ስለ እምነታቸው ሲጠይቃቸውም እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ጨርቅ ስዘረጋ ቀጥ ማለቱን በእጄ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ ሬዲዮው የሚለው ሌላ፣ ደጃችን ላይ ያለው ሌላ ነበር። አሁን ደግሞ ዐይኔ ያየውን ትቼ የማላውቀውን ሰው እንዳምን ትፈልጋለህ?»

ፎቶው የተነሳው በመስኮት በሚገባ ብርሃን ነው። ሜትሩ አንገታቸው ላይ አለ፣ ቀዩ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል፣ ዐይናቸው ሌንሱን ፊት ለፊት ያያል። የሴራ አማኞችን በሚመለከቱ ሥራዎች ላይ አዘውትሮ የሚታየው የጨለመ ክፍል፣ ፊት ላይ የወደቀ የስክሪን ብርሃንና የተጣመመ አንግል እዚህ የለም። ይህ የባለሙያው ምርጫ ነበር፤ በእኔ ግምት የሥራው ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ሰውን በእምነቱ ምክንያት እንደ በሽተኛ አድርጎ የሚያሳይ ፎቶ ተመልካቹን ያስቃል እንጂ እምነቱ ለምን እንደተያዘ አንዳች አያስረዳም።

ዐውደ ርእዩና የተነጠቀው ምስል

ሥራው ከፋሲካ በኋላ በደሴ በአንድ አዳራሽ ቀረበ። ሦስቱ የሐይቅ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቀሉ፤ ሰዓቱ፣ ከፍታውና ሌንሱ በትንሽ ወረቀት ከሥራቸው ተለጠፈ። የልብስ ሰፊው ፎቶ ከእነርሱ ቀጥሎ ነበር። ሰው በብዛት መጣ፤ ክርክሩም እንደ ፎቶ ቤቱ ወረፋ ሳይሆን ረጋ ያለ ነበር፤ ሰዎች ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ቀዩን ጨርቅ ይፈልጉ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ተመልካች የቀትሩን ፎቶ ብቻ በስልኩ አንስቶ፣ ወረቀቱን ቆርጦ፣ በቴሌግራም ለቀቀው። የተጻፈበት ቃል የወሎ ልጅ በሐይቅ ላይ ምድር ጠፍጣፋ መሆኗን አረጋገጠ የሚል ነበር። ምስሉ ከቻናል ወደ ቻናል ተዛወረ። በተቃራኒው ወገን ደግሞ ሌላ ሰው የልብስ ሰፊውን ፎቶ ወስዶ «ጠፍጣፋ ጭንቅላት» የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት፤ ይህንንም የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ አየው። አንደኛው ምስል እውነትን ተነጠቀ፤ ሁለተኛው ክብርን። የሁለቱ መነሻ ግን አንድ ነው፤ ምስሉን ምስል ያደረገው ነገር ግድግዳው ላይ ቀርቶ ምስሉ ብቻውን መጓዙ።

በሥነ ጥበብ ፎቶግራፍ ታሪክ ይህ አዲስ አይደለም። ስፔናዊው ጁዋን ፎንትኩበርታ እ.ኤ.አ. በ1997 ከታሪክ መዝገብ ስለተሰረዘ የሶቪየት ጠፈርተኛ የሚተርክ፣ ከፎቶው እስከ ሰነዱ ሁሉ ራሱ የፈጠረውን ዐውደ ርእይ አቀረበ፤ የጠፈርተኛው ፊትም የራሱ የፎንትኩበርታ ፊት ነበር። ዓላማው ሰው ለፎቶግራፍ ያለውን የበዛ አመኔታ መፈተን ሲሆን ፈጠራ መሆኑም በዐውደ ርእዩ ላይ ተጠቁሟል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የስፔን ቴሌቪዥን ፕሮግራም ታሪኩን እንደ እውነተኛ ምስጢር አድርጎ አስተላለፈው። ፎንትኩበርታ ግን ተመልካቹ የሚታለልበትን ወጥመድ ሆን ብሎ ዘርግቶ ነበር፤ በደሴው ሥራ ውስጥ ወጥመድ አልነበረም። ስለዚህ «ሥነ ጥበብ ለትርጓሜ ክፍት ነው» የሚለው የተለመደ መልስ እዚህ ላይ አያስኬድም። የአንድ ሽማግሌ ፊትና የአንድ ልኬት ውጤት ለማንም ትርጓሜ ክፍት ተደርገው ሊተዉ አይገባም ባይ ነኝ።

ማስተካከያው

ባለሙያው መጀመሪያ ያደረገው የልብስ ሰፊውን ፎቶ ማውረድና እርሳቸው ዘንድ መሄድ ነው። ያጠፋውን እንዲተዉለት ለመነ፤ እርሳቸውም ፎቶው ተመልሶ እንዲሰቀል ፈቀዱ፤ ግን ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛ፣ በጠፍጣፋ ምድር አማኝነታቸው ሳይሆን ጨርቁን በሰፋው ሰው ስም እንዲሆን፤ ሁለተኛ፣ የተናገሩት ሙሉው እንዲጻፍ። አሁን ፎቶው የሚታየው ቃላቸው በእጅ ጽሕፈት በምስሉ ላይ፣ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ተጽፎበት ነው።

የሐይቁ ፎቶዎችም በአንድ ወረቀት ላይ፣ ነጭ ክፍተት ሳይኖር፣ አንዱ ከአንዱ ጋር ተያይዘው እንደገና ታተሙ። ሰዓቱ፣ የካሜራው ከፍታ፣ የውሃውና የአየሩ ሙቀት በቀለም ሰማዩ ላይ ተጻፈ፤ ስለዚህ አንዱን ቆርጦ መውሰድ የፈለገ ሰው ጽሑፉንም አብሮ ይወስዳል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቹ ምስሉ ተበላሸ ብለው ወቅሰውታል። እኔ ግን በብራና መጻሕፍታችን ላይ ሥዕሉና የሥዕሉ መግለጫ በአንድ ገጽ ላይ ተቃቅፈው መኖራቸውን ሳስብ፣ ይህ አቀራረብ ለወሎ ተመልካች እንግዳ ሊሆን አይገባም እላለሁ።

ለሥራው የተጨመረው አዲስ ክፍል ደግሞ የዱላ ጥላ ነው። ደሴና መካ በኬንትሮስ ሊገጥሙ ጥቂት ብቻ ስለሚቀራቸው የደሴ ሰው ቂብላ፣ ማለትም ለሶላት የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል። በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትውላለች፤ ሐምሌ 9 ቀን አካባቢም ትደግመዋለች። በዚያ ደቂቃ መካ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም፤ ደሴ ላይ የቆመ አንድ ሜትር እንጨት ግን ወደ ደቡብ የወደቀ 18 ሴንቲ ሜትር ጥላ ይኖረዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 1,140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥላው የሚሰጠው ማዕዘን ከ10 ዲግሪ ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ርቀቱ በሙሉ ክብ ሲሰላ የምድር ዙሪያ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን በግብፅ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የመካውን ፎቶ የላከችው በዚያ ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። በሰገነት ላይ መጥረጊያ ዘንግ አቁማ፣ ከአጠገቡ ሰዓቷን አኑራ አነሳችው፤ ከዘንጉ ሥር ጥላ የለም። አባትየው ፎቶውን በልጃቸው ድምፅ መልእክት ታጅቦ ባዩ ጊዜ ያሉት «እሷ አትዋሸኝም፤ የለም ካለች የለም» ነው። በዚህ ሥራ ዘመን ሁሉ አንድን ፎቶ ያለ ጥርጥር ሲቀበሉ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ያሳመናቸው የምስሉ ጥራት ወይም የተቋም ማኅተም አልነበረም።

ወዲያው ግን ሜትራቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና የራሳቸውን ተቃውሞ አቀረቡ። መሬት ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ ቅርብ ብትሆንስ፣ የደሴው ጥላ እንዲሁ አይወድቅም ወይ አሉ። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ በሁለት ቦታ ልኬት ብቻ ምድር ክብ ሆና ፀሐይ እጅግ ሩቅ መሆኗን፣ ምድር ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ በ6,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችበት ሁኔታ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሦስተኛ ፎቶ አስፈለገ። ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው የባለሙያው የአክስት ልጅ በዚያው ደቂቃ፣ በእርሱ ሰዓት 5 ሰዓት ከ18 ላይ፣ አንድ ሜትር ዱላ አቁሞ አንስቶ ነበርና ፎቶው ደረሰ፤ ጥላው ከዱላው ራሱ ረዝሞ ወደ 115 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። ከመካ እስከዚያ ያለው ርቀት 5,400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ምድር ጠፍጣፋ ብትሆን ከዚህ ጥላ የሚገኘው የፀሐይ ከፍታ 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዲት ፀሐይ በአንድ ደቂቃ ሁለት ከፍታ ላይ ልትሆን አትችልም፤ ምድርን ክብ አድርገን ስናሰላ ግን ሦስቱም ጥላዎች በአንድ ቁጥር ይስማማሉ።

ልብስ ሰፊው ይህን በቡኒ ወረቀት ላይ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመቶ ኪሎ ሜትር አድርገው፣ በመቁረጫ ኖራቸው ሥለውታል። ሁለቱ መስመሮች ከመካ በላይ በሁለት የተለያየ ቦታ ሲያርፉ አዩ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አላሉም፤ የጆሃንስበርጉን ሰው ግን እንደማያውቁት፣ ልኬቱም መደገም እንዳለበት ተናገሩ። ባለሙያውም ይህን ተቀብሎ የኖራውን ሥዕል ከሦስቱ የጥላ ፎቶዎች ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አትሞታል። በሐምሌ የወሎ ሰማይ በክረምት ደመና ስለሚሸፈን ልኬቱ የሚደገመው በመጪው ግንቦት ነው፤ በጆሃንስበርግ ዱላውን የሚያቆመው ልብስ ሰፊው ራሳቸው የመረጡት፣ እዚያው የሚኖር የጎረቤታቸው ልጅ ሲሆን፣ የደሴውን ዱላ በውሃ ልክ አስተካክለው የሚተክሉት ደግሞ እርሳቸው ናቸው።